የሁለት ከተማ «በቃ»

የመጀመሪያው ቡጢ የቀስበል አገጭ ላይ ሲያርፍ፣ ጡሩምባ የሚሉት መካኒክ እጅ ገና ከሞተሩ ሥር አልወጣም ነበር።

ቀስበል ሰንሰለቱን የለቀቁትን ባዶ እጆቹን እንደዘረጋ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ከብየዳ ጠረጴዛው ጋር ተላተመ። አፉን ደም ሞላው። የመታው ቀለም ቀቢው ነው።

«አውቀህ ነው! አውቀህ ነው የለቀቅከው!»

«ምን አድርግ ነው የምትለው? ራሱ ‹በቃ› አለ፤ ሁላችንም ሰምተናል!» ብሎ ጎሚስታው የጎማ መፍቻ ብረቱን እንደያዘ መሃል ገባ።

«እኮ! ‹በቃ› እያለው ነዋ የለቀቀው!»

ልብ ብሎ ለሰማ ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት አንድ ነገር ነው። ጡሩምባ «በቃ» ብሏል፤ ቀስበል ለቅቋል። በዚህ የተጣላ የለም። ሆኖም በዚህችው ቃል ተናነቁ። ቀለም ቀቢው የጎሚስታውን አንገት ያዘ፤ ጎሚስታው ብረቱን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ከወዲያ ከወዲህ የነበረው ሠራተኛ መፍቻውንና መዶሻውን እያነሳ ደረሰ፤ የላይኛው ከተማ ሰው በአንድ ወገን፣ የታችኛው ከተማ ሰው በሌላ። የባትሪ ውሃ የያዘ ጀሪካን ተገለበጠ፤ አንዱ የሌላውን ጆሮ ነከሰ፤ የአንዱ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ጡሩምባ ከመኪናው ሆድ ሥር ይጮሃል። ስለ ጡሩምባ የሚደባደበው ሰው ሁሉ ጡሩምባን ረስቶታል።

ትዝ ያለው ቀስበል ብቻ ነው። ደሙን እየተፋ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሲስብ ጀርባውን በቡጢ የሚደልቀው ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሞተሩ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብድግ አለ። ጡሩምባ እጁን መዘዘ። ከክንዱ ጫፍ ላይ የወጣው ነገር እጅ አይመስልም ነበር።

ያኔ ድብድቡ ቆመ።

ሁለቱ ከተሞች የአንድ ቀን የመኪና መንገድ ነው የሚለያያቸው። ሁለቱም ሰፊ፣ ሁለቱም ሕዝባቸው እንደ ጉንዳን የሚተራመስ፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳያማ ውሎ የማያድር ናቸው። የታችኛው ከተማ ሰዎች፣ «የላይኛው ከተማ ሰው ‹እሺ› ካለህ ጉዳይህን ሌላ ቦታ ፈልግ» ይላሉ። ፈገግታውን ፊቱ ላይ፣ ቂሙን ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ የሚመች ቀን ይጠብቃል ይላሉ። የላይኞቹ ደግሞ፣ «የታችኛው ከተማ ሰው ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም» ባዮች ናቸው። ሰላምታው ስድብ፣ ጨዋታው ግፊያ፣ ግፊያው ድንጋይ ውርወራ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሲጮህ ሰርግ ይሁን ለቅሶ ከሩቅ አይለይም ይላሉ።

ቀስበል የላይኛው ከተማ ልጅ ነው፤ ሚስቱ የታችኛው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሲገባ፣ ታላቅ ወንድሟ ከእግር እስከ ራሱ አይቶት «ይሄን ደረቅ እንጨት ከየት ነቅለሽ አመጣሽው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቀስበል ፊቱ ተለዋውጦ ሊወጣ ሲል ሚስቱ የጃኬቱን ጫፍ ጎተተችው።

«ቁጭ በል፤ ወደደህ ማለት ነው» አለችው በጆሮው። «በእኛ ቤት የሚያስፈራው ሰው ሲያከብርህ ነው። ወንድሜ አንድ ቀን ‹እርስዎ› ካለህ ጫማህን እንኳ ሳትፈልግ ሩጥ።»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር።

ታላቅ ወንድሟ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከባድ መኪና የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ታናሹ መካኒክ ነው፤ ድምፁ ከሦስት ግቢ ወዲያ ስለሚሰማ ጡሩምባ ይሉታል። ድርጅቱ የታችኛውን ከተማ ጋራዥ ሲዘጋ ጡሩምባና ጓደኞቹ ወደ ላይኛው ተዛወሩ። «ቀስበል» የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው፤ አማቹ ሰንሰለት ይዞ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ሳይል ሞተር አውርዶ ስለማያውቅ። ሁለቱ አብረው ብዙ ሞተር ሰቅለዋል፣ ብዙ አውርደዋል። ግን ሁልጊዜ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በእጅ ምልክት ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት አንዱ ብሎን እምቢ ብሎ ጡሩምባ ከመኪናው ሥር ገባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ድምፁ ብቻ ሆነ።

የሰንሰለት ማንሻው ፍሬን ካለቀ ቆይቷል። አለቃው «ይሠራል፣ ይሠራል» እያለ ከወር ወር ያሻገረው ነገር ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱን የሚያቆመው የሰው እጅ ነው። እጅ ከለቀቀ ሞተሩ ይወርዳል።

ሐኪም ቤት ኮሪደሩ ላይ የቀስበል ሚስት ከግድግዳው ተጠግታ ቆማለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የጡሩምባ ድምፅ ይወጣል። መርፌው አደንዝዞታል፤ ግን አላስተኛውም።

«‹በቃ› አልኩት… ለቀቀው… ‹በቃ› አልኩት…»

ቀለም ቀቢው ትከሻውን በጨርቅ አስሮ በሩ አጠገብ ይህንን እየሰማ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ስልኩን አውጥቶ ለሾፌሩ ደወለ፤ የሰማውን ቃል በቃል ነገረው። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ሚስቱ ቀስበልን ወደ ደረጃው ወሰደችው። የአገጩን እብጠት በጣቷ ነካችው፤ ከዚያ እጇን መለሰች።

«እውነቱን ንገረኝ። ትናንት ተናደህበት ነበር?»

ትናንት ጡሩምባ የጎማ ክምር ላይ ወጥቶ የእሱን አረማመድ፣ ምግብ ሲያኝክ አፉን እንዴት እንደሚዘጋ፣ «እሺ» ሲል አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር ለጋራዡ ሁሉ አሳይቶ ነበር። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀስበልም ሳቀ።

«ትንሽ ተናድጄ ነበር» አለ።

«እኔ ግን ሲመሽ ጠይቄህ ‹ምንም አልሆንኩም› አልከኝ።»

«ምንም ስላልሆንኩ ነዋ።»

«አየህ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አብሬህ እተኛለሁ፣ አብሬህ እበላለሁ፤ ስትናደድ ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም። የእናንተ ሰው ሆዱ የት ነው ያለው?»

እንደ ቡጢው አላመመውም፤ ከቡጢው የባሰ ነበር። «‹በቃ› አለኝ» አለ ደጋግሞ። «‹በቃ› አለኝ፣ ለቀቅኩ። ሌላ ምን ላድርግ?» እሷም ልክ እንደ ቀለም ቀቢው ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የጋራዥ ነገር አታውቅም፤ የሰማችው ባሏ «እየለመነኝ ለቀቅኩት» ሲል ነው።

ስልኩ የጠራው ያን ጊዜ ነው። ሾፌሩ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ሐር የለሰለሰ። «እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ፤ እኔ በጣም…»

«ነገ በምሳ ሰዓት ጋራዡ ድረስ መጥቼ ባገኝዎ ደስ ይለኛል። ብዙ አላስቸግርዎትም።»

ቀስበል ስልኩን ሲዘጋ ትንፋሹ መለስ አለለት። «ተመስገን፣ አልተቆጣም» አላት። «በጣም ተረጋግቷል።»

«ምን አለህ?»

«‹እንደምን ዋሉ› አለኝ።»

«‹ዋልክ› ነው ያለህ ‹ዋሉ›?»

«‹ዋሉ›።»

ሚስቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የያዘችው የጡሩምባ ሸሚዝ ከእጇ ወድቆ ከደረጃው ወረደ።

«ሂድ» አለች። «ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ ውጣ። እኔ ነገሩ ሲበርድ እደውልልሃለሁ።»

«ከሸሸሁ አውቄ ነው ያደረግኩት ማለት ነው።»

«ካልሸሸህ ይገድልሃል።»

«አንቺስ? ብሸሽ ምን ትያለሽ?»

ጥያቄውን እዚያው ትታ ሸሚዙን ልታነሳ ወረደች። እሱም ያልሄደው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሊበላ ወጥቶ ጋራዡ ጭር ብሏል። ጎሚስታው ብቻ ከኋላ የጎማ ክምር ላይ ጋደም ብሎ ያንኮራፋል። ያ ሞተር ለምርመራ ከመኪናው ወጥቶ መሃል ወለሉ ላይ፣ ከሰው ወገብ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ሰንሰለቱ ምሰሶው ላይ በመንጠቆ ታስሯል።

የሾፌሩ ከባድ መኪና በሩን ዘግቶ ቆመ። ሾፌሩ ወረደ። በርሜል የሚያክል ሰው ነው። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በግራ እጁ የክሪክ ዘንግ ይዟል።

«እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ቀስበል የላይኛው ከተማ ሰው ነው፤ የተዘረጋ እጅ ዝም ብሎ አያልፍም። ሰጠው። ሾፌሩ እጁን ጨብጦ አልለቀቀም፤ በዘንጉ ክርኑን መታው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሾፌሩ። «አረፍ ይበሉ።» ጉልበቱን መታው።

ቀስበል ወደቀ። ጩኸቱን ጎሚስታው አልሰማም፤ ወይም በህልሙ ሰማ። ሾፌሩ አንገትጌውን ይዞ እንደ ጆንያ እየጎተተ ሞተሩ ሥር ወሰደው፤ በጀርባው አስተኛው። ደረቱን በጫማው ረገጠው።

«ምቾት ይሰማዎታል?»

«ስማኝ ወንድሜ… ራሱ ‹በቃ› ብሎኝ ነው…»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አፉን በጡጫ መታው፤ የትናንቱ ቁስል ተከፈተ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰንሰለቱን ከመንጠቆው አወለቀ። ሞተሩ ንቅንቅ አለ። አሁን ያቆመው የሾፌሩ እጅ ብቻ ነው።

«እኔ መሪ ከመያዜ በፊት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ሰንሰለት ስይዝ ነው ያደግኩት» አለ። «‹በቃ› ሲባል ሰንሰለቱ እዚያው ቀጥ ይላል። ወደ ላይ የለም፣ ወደ ታች የለም። የሚወርድ ከሆነ ‹ልቀቅ› ይባላል። ይሄን የማያውቅ ሰንሰለት ያዥ አለ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ አለ?»

አለ። ወለሉ ላይ ተኝቷል። ቀስበል ከሕመሙ መሃል ነገሩ ብልጭ አለለት። እሱ ባደገበት ጋራዥ፣ በከተማው ጋራዥ ሁሉ፣ «በቃ» ማለት «ቦታውን ይዟል፤ ሰንሰለቱን ተወው» ማለት ነው። አቁም ለማለት «ያዝ» ነው የሚባለው። ጡሩምባ «አቁም» እያለ ሲጮህ፣ እሱ «ጨርሰናል፣ ልቀቅ» ሲል ሰማው። ሰንሰለት ላይ በእጅ ምልክት ብቻ ሲግባቡ ስለኖሩ ቃሉ ሁለት መሆኑን ማንም አላወቀም።

«ቆይ! በእኛ በኩል ትርጉሙ…»

«የላይኛው ከተማ ምላስ!» አለ ሾፌሩ፤ ሰንሰለቱን በእጁ አንሸራተተው።

ሞተሩ ዝቅ አለ። ጥቁር ዘይት ግንባሩ ላይ ተንጠባጠበ። እንደገና ዝቅ አለ። ቀስበል ጤነኛ እጁን አንስቶ ብረቱን ሊገፋ ሞከረ፤ ተራራ የመግፋት ያህል ነው። ያደገበት ቃል ከአፉ አመለጠ።

«ያዝ! ያዝ! ያዝ!»

«ለእኔ?» አለ ሾፌሩ ፊቱ ደም ለብሶ። በታችኛው ከተማ «ያዝ!» የሚለው ቡጢ የሚሰነዝር ሰው ነው። «እዚያ ተኝተውም ይፎክሩብኛል?»

ሰንሰለቱ ተንሸራተተ። ብረቱ ደረቱ ላይ አረፈ። የጎድን አጥንቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰነጠቀ፤ ትንፋሹ ወጥቶ አልመለስ አለ።

የቀረው አንድ ቃል ነው። እሱን ግን ምላሱ እምቢ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት የጣለበት ቃል ነው፤ ከሚወርድ ሞተር ሥር ተኝቶ እሱን መጥራት በራሱ እጅ የራሱን አንገት እንደ ማነቅ ሆነበት። ዓይኑን ጨፈነ።

«በቃ! በቃ!»

ሰንሰለቱ ቀጥ አለ።

ሾፌሩ እጆቹን አየ። ልቡ ገና አልበረደም፤ ሊገድል መጥቷል፤ መግደሉንም ጀምሯል። እጆቹ ግን ሳይጠይቁት አቁመዋል። ጡንቻው ተወጥሮ፣ የጣቶቹ አንጓ ነጥቶ፣ ሰንሰለቱን ጨምድደው ይዘዋል።

«ምን አልክ አንተ?» አለ።

«እርስዎ» መቅረቱን ቀስበል ሰማ። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥም ሰማው።

«በእኛ… ‹በቃ›… ‹ልቀቅ› ነው» አለ ትንፋሽ እየቆጠበ። «አቁም… ‹ያዝ› ነው።»

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። ሊናገር የነበረው ሳይታወቅ ቀረ፤ ከኋላው የመጣው የጎማ መፍቻ ብረት ጭንቅላቱ ላይ አረፈ።

ጎሚስታው ነው። በጩኸቱ ባንኖ ያየው ነገር ግልጽ ነበር፤ ወዳጁ ሞተር ሥር፣ የታችኛው ከተማ ሰው ሰንሰለት ላይ። «አንተ አውሬ!» እያለ ደገመው። ነጩ ሸሚዝ ቀላ። ሾፌሩ ተንበረከከ። ሰንሰለቱን ግን አልለቀቀም። ሦስተኛው ምት አንገቱ ሥር ያለውን አጥንት ሰበረው፤ እንደ በሬ ጓጎረ፤ አሁንም አልለቀቀም። እጁን አንስቶ ራሱን መከላከል ይችል ነበር። ቢያነሳው ሞተሩ ይወርዳል።

«አትምታው!» አለ ቀስበል፤ ድምፁ ግን ከደረቱ አልወጣም። ጎሚስታው ብረቱን ለአራተኛ ጊዜ ከፍ አደረገ። የሾፌሩ ጣቶች በደም እየተንሸራተቱ ነው።

ቀስበል የቀረችውን ትንፋሽ ሰበሰበ።

«ያዝ!»

የጎሚስታው ብረት ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ሳያስበው ሁለት እጁን ወርውሮ ሰንሰለቱን ያዘ፤ ሰንሰለት አጠገብ «ያዝ» ሲባል በላይኛው ከተማ የሚደረገው ይኸው ነው። የሾፌሩ ደም የሁለቱንም ሸሚዝ እያራሰ፣ አንድ ሰንሰለት ይዘው ተፋጠጡ።

«ሳብ!» አለ ሾፌሩ። «ምን ታፈጣለህ፣ ሳብ!»

ይህችኛዋ ቃል በሁለቱም ከተማ አንድ ነበረች።

ሐኪም ቤቱ ቦታ ስላልነበረው ሦስቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስተኟቸው። ቀስበል እግሩና ክንዱ በጀሶ ተጠፍሮ፣ ሾፌሩ ጭንቅላቱና ትከሻው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ጡሩምባ መጠቅለያው ከክርኑ ጀምሮ ጣቶች መኖር የነበረባቸው ቦታ ሳይደርስ የሚያልቅ እጁን ትራስ ላይ አስቀምጦ። የቀስበል ሚስት በሩ ላይ ደረሰችና ሳትገባ ቆመች። ባሏንና ታላቅ ወንድሟን በየተራ አየች፤ ማን ማንን ጨርሶ እንዳልጨረሰ የምትመረምር ትመስላለች።

ሾፌሩ ዓይኑን ከኮርኒሱ አውርዶ ወደ ቀስበል ዞረ።

«አንተ ደረቅ እንጨት» አለው።

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ከወንድሜ ጋር ስትሠራ አንድ ቀን ‹አንተ፣ በእናንተ አገር እንዴት ነው የሚባለው› አትለውም? አፍህን ዘግተህ ከማኘክ ውጭ ሥራ የለህም?»

«አንተስ» አለ ቀስበል፤ ጎኑን እያመመው። «ከመግደልህ በፊት አትጠይቅም?»

«ጠየቅኩህ እኮ። መልሱን ነው ያልጠበቅኩት።»

እሷ ሳቀች፤ የባሏን ጤነኛ እጅ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀስበል ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከጎኑ ያለው የጡሩምባ አልጋ ላይ ነው። እስካሁን ያልተናገረው የነገሩ ባለቤት ነው፤ እጁ የእሱ ነው፤ ከእንግዲህ ብሎን የማያጠብቀው እሱ ነው። ሾፌሩ ቢምረውም ሚስቱ ብታምነውም፣ የመጨረሻው ቃል የጡሩምባ ነበር።

ጡሩምባ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲያደርገው ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«እንዴት አደሩ?» አለ።

የሚስቱ ጣቶች የቀስበል እጅ ላይ ደረቁ። ቀስበል በጀሶ የታሰረ እግሩን ከአልጋው ሊያወርድ ሞከረ፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ጫማውን ፈለገ፤ ቀጥሎ ‹ጫማህን እንኳ ሳትፈልግ ሩጥ› የሚለው የሚስቱ ምክር ትዝ አለውና ግራ ገብቶት ቀረ።

«ወዴት ነው፣ ቀስበል?» ሲል ጡሩምባ ኮሪደሩ ድረስ የሚሰማውን ድምፁን ለቀቀው። «በዚያ እግርህ? ቀስ በል እንጂ!»

ሳቀ። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ የታሰረው እጁ ትራሱ ላይ እየዘለለ፣ ፊቱ በእንባ እየታጠበ፣ ነርሶች እየሮጡ እስኪመጡ ድረስ። ቀስበል ከጡሩምባ አልጋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የተኛው። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ግን ከዚያም ቅርበት ሊለየው አልቻለም።